ቀፀላ ፕሮፌሽናል የሆነችበት እሁድ

ቀፀላን የቤዝቦል ተጫዋች ያደረጋት ነጭ ሽንኩርት ነው። የማጋንን እንዳይመስላችሁ። እኛ በምንኖርበት በሊባኖሱ ፋናር ሕንጻዎቹ ዳገቱን ይዘው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነው የቆሙት። የእሷ ማዳም ቤት አራተኛ ፎቅ፣ እኔ የማስታምማቸው ሽማግሌ ቤትም አራተኛ ፎቅ፤ መሀላችን ያለው መኪና የሚቆምበት ጠባብ መንገድ ብቻ ነው። በፊት በፊት ማዳም ላውዲ በወጣች ቁጥር በሩን ከውጭ ትቆልፍባት ስለነበር፣ ቀፀላ ያለቀባትን ነገር የምታገኘው ከእኔ ነው፣ በባልኮን። እኔ እወረውራለሁ፣ እሷ ትቀልባለች። ሲተርፋት ደግሞ እሷ ትወረውራለች። የእኔ ውርወራ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሰው መኪና ላይ ባፈረጥኩት ቲማቲም የሕንጻው ዘበኛ ስንት ጊዜ እንደ ሰደበኝ እሱ ይቁጠረው። የእሷ ግን ስቶ አያውቅም። ሎሚ ይሁን፣ ሽንኩርት ይሁን፣ በፌስታል የተጠቀለለ በርበሬ ይሁን፣ መጥቶ መዳፌ ላይ ጧ!

"ቀስ በይ እንጂ አንቺ ልጅ! ሰው እኮ ነኝ፣ ግድግዳ አይደለሁም" ስላት ባልኮኑን ተደግፋ ትንፈቀፈቃለች።

ይህን ሙሴ ናዚህ አየ። ሙሴ እዚህ አቶ እንደ ማለት ነው፤ ሰውዬው እኛ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ዕድሜውን ቬኔዝዌላ ጨርሶ የተመለሰ ሊባኖሳዊ ነው። ከዚያ አገር ይዞት የመጣው ሀብት ቦርጩና የቤዝቦል ፍቅሩ ብቻ ነው ይሉታል። አንድ ቀን መኪናውን አቁሞ ሲወርድ በአናቱ ላይ ሎሚ አለፈ። ቀና አለ። ሌላ ሎሚ አለፈ። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቆሞ ቀረ። እኔ ሊጮህብን ነው ብዬ ወደ ውስጥ ሸሸሁ፤ እሱ ግን በማግስቱ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

"ያቺን ልጅ ማነው ያስተማራት?"

"ምን ሙሴ?"

"መወርወር!"

"የተቆለፈ በር ነዋ" አልኩት።

አልሳቀም። ነገሩን አስረዳኝ። በዚያ ዓመት የሴቶች ቤዝቦል ሊግ ተቋቁሟል፤ አንድ የጭማቂ ፋብሪካ ወጪውን ችሎታል፤ ተጫዋቾቹ ይፈርማሉ፣ ይከፈላቸዋል፤ ያኒ፣ ፕሮፌሽናል ናቸው ማለት ነው። የእሱ ቡድን ግን ልጆቹ ቪዛ እየመጣላቸው አንዷ ካናዳ፣ አንዷ ዱባይ እየበረሩበት ሰው አጥሮታል። "የምንጫወተው እሁድ ነው፤ እሁድ ትወጣ የለ እንዴ?" አለኝ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ቀፀላ እሁድን ያገኘችው በስንት ልመናና በስንት ለቅሶ ነው። ማዳም ላውዲ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ፈሪ ናት። ከቀፀላ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ በዚያው ስለቀረችባት፣ በር በተከፈተ ቁጥር ልቧ ይደነግጣል። መጨረሻ ላይ እሁድን ስትፈቅድላት አስምላ ነው፤ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ እዚያው ግቢ ከአገሯ ልጆች ጋር ውላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤት። "አንድ ቀን ሌላ ቦታ ሄደሽ ባገኝሽ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ በሩ ተመልሶ ይቆለፋል" ብላታለች። እና ማዳም ላውዲ ብዙ ነገር ትረሳለች፤ መነጽሯን፣ መድኃኒቷን፣ ምድጃ ላይ የጣደችውን ትረሳለች። የተናገረችውን ግን አትረሳም።

ይህን ሁሉ ለሙሴ ናዚህ ነገርኩትና የሚተወው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ራሱ ከታች ቆሞ ለቀፀላ ነገራት። ቀፀላም ጥቂት ቀን አሳልፋ፣ አንድ ጠዋት ልብስ እያሰጣች፣

"እትዬ ተዋቡ፣ የሙሴ ሜዳ የት ነው ያለው?" አለችኝ።

"አንጠልያስ። ምነው?"

"እንዲሁ ነው።"

ይቺ ልጅ "እንዲሁ ነው" ካለች ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ፈርማ፣ በየእሁዱ ቅዳሴው እንዳለቀ በቫን አንጠልያስ ትወርዳለች፣ ትለማመዳለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እየሮጠች ትመለሳለች። ቤዝቦል ደግሞ መሬት ለመሬት መንሸራተት አለው፤ የሱሪዋ ጉልበት አፈር በአፈር ሆኖ ሲመጣ ማዳም ላውዲ ታያለች። ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች፣ "የእኔ ልጅ እንዴት ያለች ጸሎተኛ መሰለቻችሁ! ጉልበቷን እስኪያማት ነው የምትሰግደው!" ቀፀላ ይህን ስትነግረኝ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። ማታ ጋደም ስል ግን ሳቁ ይተወኝና ያ በር ይመጣብኛል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን እኔና ሲቲና ፀሐዩ በኩል ተቀመጥን፤ የጥላውን ወንበር የተጫዋቾቹ ቤተሰቦች ሞልተውታል። ሲቲና የወሎ ልጅ ናት፤ ዶራ ገበያ የሞባይል ካርድና የፀጉር ቅባት ትሸጣለች፤ የሰው ወሬ ደግሞ በነጻ ታድላለች። ከላይ ያቺ ዘወትር ሰማያችን ላይ የምትዞር፣ የማትታይ የጦር ድሮን እንደ ዝንብ ትዝዝ ትላለች፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ቀፀላ ከተቀያሪዎች ጋር አግዳሚው ላይ ናት። አረንጓዴ ማሊያ፣ ነጭ ሱሪ፣ እስከ ቅንድብ የወረደ ኮፍያ።

"ወላሂ፣ ወታደር መሰለች እኮ!" አለች ሲቲና።

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል።"

"አማርኛ የሚሰማ ማን አለ እዚህ? አብሽሪ!"

ይህን ብላ አፏን ሳትገጥም ማዳም ላውዲ በበሩ ገባች።

በቃ፣ ሰው ነግሮባታል፣ ልትይዛት መጣች አልኩ። ማዳም ግን ነጭ ሱሪዋን ለብሳ፣ የወረቀት ቡናዋን ይዛ፣ እየሳቀች ወደ ሜዳው እጇን ታወዛውዛለች። የምታወዛውዝለት ለማን ነው ብዬ አየሁ። ከተጋጣሚው ቡድን፣ ቢጫ ከለበሱት፣ አንዷ እጇን አወዛወዘችላት። ያራ! የእህቷ ልጅ!

"ቀፀላ አታውቅም ነበር?" አለች ሲቲና።

"በምን ታውቃለች? ያራ እነሱ ቤት የምትመጣው ኪቤ ልትበላ እንጂ ስለ ኳስ ልታወራ ነው?"

ነጠላዬን ተከናንቤ በተቀያሪዎቹ ጀርባ ዞርኩና ጎንበስ ብዬ፣ "ማዳምሽ መጥታለች። ወዲያ ማዶ ጥላው ጋ" አልኳት።

ዘወር አላለችም። "አይቻታለሁ።"

"ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ? ሽንት ቤት ነኝ ብለሽ ውጪ እንጂ!"

"ፈርሜያለሁ እኮ እትዬ ተዋቡ።"

"ፊርማሽ በር ይከፍትልሻል?"

እጆቿን ጭኖቿ መሀል ቀብራቸዋለች። "ተቀያሪ ነኝ። ሙሴ ዛሬ አያስገባኝም። ደግሞ ማዳም የምታውቀኝ በሽርጤ ስለሆነ አትለየኝም።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ አየሁ ብል ውሸቴን ነው። እኔ የማየው የማዳም ላውዲን አንገት ነው። ወደ ግራ ሲዞር ትንፋሼ ይቆማል፣ ወደ ቀኝ ሲመለስ እተነፍሳለሁ። ሲቲና ስለ ጨዋታው እየደጋገመች ስትጠይቀኝ፣ ቀፀላ ያስረዳችኝን ያህል ነገርኳት። አንዷ ትወረውራለች፣ ሌላዋ በዱላ ትመታለች። የመታችው ዱላዋን ጥላ ትሮጣለች። ሜዳው ላይ ትራስ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች አሉ፤ ትራሱን እስከረገጠች ድረስ ማንም ምንም አያደርጋትም። ትራሱን ለቃ ሳለ ኳስ የያዘች ልጅ ከነካቻት ግን ሞተች ይባላል። ሦስቱን ትራስ ዞራ ከተነሣችበት ከተመለሰች ነጥብ ነው።

"ታዲያ ትራሱ ላይ ቆማ መዋል ነዋ!" አለች ሲቲና።

"እሱንማ ቀፀላ መች አጣችው።"

ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲደርስ የእኛ አረንጓዴዎቹ በአንድ ነጥብ ይመራሉ... ምን እላለሁ፣ መሪዎቹስ ቢጫዎቹ ናቸው። ሁለት ሞተውባቸዋል፤ አንዲት ከሞተች አለቀ። አንዷ ረጅም ልጅ ግን እንደ ምንም ሮጣ፣ ተንሸራታ፣ ሦስተኛው ትራስ ደረሰች። ጥላው ጋ፣ ማዳም ላውዲ ፊት ለፊት ማለት ነው። ከዚያ ልጅቱ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ጮኸች። ሁለት ሰው ደግፏት ወጣች።

ሙሴ ናዚህ ወደ አግዳሚው ዞረ። እኔ ጣቴን ነከስኩ። ሌላ ልጅ፣ ሌላ ልጅ፣ የሎሚዋ ልጅ ብቻ አትሁን።

"ሊሞን! ያላ፣ ሩጪልኝ!"

ሊሞን ያላት እሷን ነው፤ ከዚያ ከሎሚው ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ፈጣሪዬን ያመሰገንኩት ለዚህች ብቻ ነው፤ ማዳም ስሟን አልሰማችም። ቀፀላ ተነሣች። ስትቆም ሱሪዋን በሁለት እጇ አራገፈች፣ ኮፍያዋን ይበልጥ ወደ ታች ሳበች፣ ሜዳውን አቋርጣ ሄዳ ሦስተኛው ትራስ ላይ ቆመች። ከማዳሟ ጋር መሀላቸው ያለው የሽቦ አጥርና የአንድ ክፍል ያህል ሣር ነው። ማዳም ላውዲ አየቻት። እውነቴን ነው፣ ፊቷን ፊት ለፊት አየቻት። ከዚያ ቡናዋን ጠጣች።

"አላወቀቻትም!" አለች ሲቲና፣ ክንዴን ጨምድዳ።

ያራ ግን አወቀቻት። ትራሱን የምትጠብቀው ያራ ናት። ይህን ቀፀላ ነች ኋላ የነገረችኝ፤ ያራ ጎንበስ ብላ ከኮፍያው ሥር አይታ፣ "ቀፀላ? አንቺ ነሽ?" ስትላት፣ ቀፀላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ያራ ወደ አክስቷ አየች፣ ወደ ቀፀላ አየች፣ አፏን በጓንቷ ሸፍና ሳቀች። "እሺ። ግን ልገድልሽ ነው፣ እወቂ" አለቻት።

ወርዋሪዋ ኳሱን ይዛ ተዘጋጀች። መቺዋ ዱላዋን አነሣች። ሙሴ ናዚህ ባርኔጣውን እየጨመቀ፣ ቀፀላን በእጁ ቆይ፣ ቆይ ይላታል። ሜዳው ጸጥ አለ። ቀፀላ ጉልበቷን አጥፋ፣ አንድ እግሯ ትራሱ ላይ፣ አንዱ ቤት ወደሚሉት መነሻ አቅጣጫ። ያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማዳሟን እንደ ረሳች ከትከሻዋ ታወቀኝ። እኔም ረሳሁ። ምን ዋጋ አለው!

ማዳም ላውዲ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰውዬ ዳኛው ላይ ሊጮህ ብድግ ሲል፣ ክርኑ የማዳምን እጅ መታውና ቡናው ከነወረቀቱ ነጩ ሱሪዋ ላይ ተገለበጠ።

ማዳም ላውዲ ዘላ ተነሣች። እጆቿን አንሥታ፣ ዓይኗን ሱሪዋ ላይ ተክላ፣ ዘወትር እቤቷ ሻይ ሲፈስ፣ ዘይት ሲንጠባጠብ፣ ብርጭቆ ሲወድቅ እንደምታደርገው፣ በዚያው በለመደችው ድምፅ፣

"ያ ቀፀላ! ማሓረም!" ብላ ጮኸች። ሶፍት አምጪ ማለቷ ነው።

ማንን እንደ ጠራች እሷም አላወቀችም። ቀፀላ እዚያ እንዳለች ከየት ታውቃለች? አፏ ነው የጠራው።

"ሃደር ማዳም!" አለች ቀፀላ።

ትራሱን ለቃ ወጣች። እየሮጠች! እጇን ወደ ጎኗ ስትሰድ ሽርጡን ፈልጋ ነው፤ ሶፍቱን የምትይዘው በሽርጧ ኪስ ነው። አጥሩ ጋ ደርሳ ነው ኪስ እንደሌላት ያወቀችው። ከዚያ የት እንዳለች አወቀች። ፊቷን እኔ ከማዶ ሆኜ አየሁት፤ ምነው ባላየሁት።

"ተመለሺ! ተመለሺ!" ሙሴ ናዚህ በአረብኛውም በቬኔዝዌላውም ይጮሃል። ወርዋሪዋ ግራ ተጋብታ ኳሱን ለያራ ወረወረች። ያራ ቀልባ አልሮጠችም። በእርምጃ ነው የሄደችው፤ "ተመለሺ እንጂ ቀፀላ!" እያለቻት ጭምር። ቀፀላ ግን አልተመለሰችም። እሷና ማዳሟ በሽቦው ተፋጠዋል። ያራ ከኋላዋ መጥታ ጀርባዋን በጓንቷ ነካ አደረገቻት፣ ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው።

ዳኛው ጡጫውን አነሣ። አለቀ።

ቢጫዎቹ ዘለሉ። ተመልካቹ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ከዚያ ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሳቅ ሆነ። ያ ወፍራም ሰውዬ፣ "ማዳም፣ ጨዋታውን እርስዎ ነዎት ያሸነፉልን!" አላት። ማዳም ላውዲ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ቀፀላም ከነማሊያዋ ተከተለቻት። እኔና ሲቲና ዙሪያውን ሮጠን ስንደርስ ሁለቱ መኪናው ጋ ቆመዋል።

"ቤተ ክርስቲያን ነው ያልሽኝ" አለች ማዳም።

"ሄጃለሁ ማዳም። ጠዋት ሄጃለሁ።"

"ጉልበትሽስ? እኔ ለሰው ሁሉ፣ ጸሎተኛ ናት እያልኩ!"

ቀፀላ መሬት መሬት አየች። ሲቲና ሳቋ አምልጧት በሻሿ አፏን አፈነች፤ በክርኔ ጎሸምኳት።

"ማን ያውቃል ሌላ የት ትሄጃለሽ! አንድ ቀን እንደዚያችኛዋ ትቀሪያለሽ!" የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች። "ስሚኝ። ወይ እሁድ፣ ወይ ኳስ። አሁን እዚሁ ምረጪ።"

"እሁድ" አለች ቀፀላ። አላሰበችም እንኳ።

"ማሊያውን መልሺ።"

ማሊያውን ከላይዋ አወለቀች፤ ከሥር የራሷን ቲሸርት ለብሳለች። እኔን ስታይ ለእኔ ሰጠችኝ። እርጥብ ነበር።

"በይ ግቢ። ያላ።" ማዳም የመኪናውን በር ከፈተች።

ቀፀላ የተከፈተውን በር አየችው። እኔ ግቢ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግቢ ልጄ፣ አታካርሪው፣ የተረፈሽን ይዘሽ ግቢ። የሲቲና ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገብቷል።

"ማዳም፣ እሁድን መርጫለሁ አይደል?"

"አዎ?"

"ዛሬ እሁድ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ገና ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እመጣለሁ።"

ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ማዳም ላውዲ ሰዓቷን አየች። ሱሪዋ ላይ ቡናው ደርቋል። ከዚያ ገባች፣ በሩን ጓ አድርጋ ዘጋች፣ ሄደች።

"አበድሽ!" አልኳት።

"አበድኩ መሰለኝ" አለችና አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች። ሲቲና ውኃ አመጣችላት፤ ጥርሷ ጠርሙሱ ላይ ይንገጫገጫል። ባሕሩ ዳር ሄደን ተቀመጥን። ቀፀላ በየደቂቃው "ስንት ሰዓት ሆነ?" ትላለች። እኔ ብዬ ብዬ ሲሰለቸኝ ሰዓቴን ፈትቼ ሰጠኋት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሕንጻቸውን ደረጃ ስትወጣ ባልኮኔ ላይ ሆኜ አየኋት። ጆሮዬን ወደ እነሱ ቤት ቀሰርኩ። ጩኸት የለም። ከጩኸት ዝምታው ባሰብኝ።

በዚያ ሳምንት ባልኮን ላይ የወጣችው ልብስ ለማስጣት ብቻ ነው። በምልክት "እንዴት ነው?" ስላት ትከሻዋን ትሰብቃለች። አንድ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ትንሽ ቆይታ መልሳ ታነሣዋለች። ምንም አትለኝም" አለችኝ። ሌላ ነገር ሳልጠይቃት ማዳም ከውስጥ ጠራቻት፣ "ሃደር" ብላ ገባች።

ሙሴ ናዚህ ማሊያውን ስመልስለት ይዞት ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "ለክንዷ ነው እኮ ያስፈረምኳት" አለኝ። "አልወረወረች። አልመታች። አልቀለበች። ኳሱን በእጇ እንኳ አልነካችም። በዕድሜዬ እንዲህ ያጠረ የፕሮፌሽናል ዘመን አይቼ አላውቅም።"

"ቁመትዋም አጭር ነው ሙሴ፣ ምን ታደርገዋለህ" አልኩት። ይህን ጊዜ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። "በሩ ተቆለፈባት?" ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እውነትም አላወቅሁም።

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዬን ቁርስ አብልቼ ባልኮን ወጣሁ። የማዳም ላውዲ የባልኮን መዝጊያ ገርበብ ብሏል። ቀፀላ የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ። አለፈ። ዘበኛው ደረጃውን አጥቦ ጨረሰ። የሰፈሩ ሁሉ ጠላት የሆነች አንዲት ድመት መኪና ላይ ወጥታ ተኛች። ነጠላዬን ለብሼ፣ አውልቄ፣ መልሼ ለበስኩ። ብቻዬን ልሂድ? ደግሞ ወጥታ ብታጣኝስ? ወርጄ ደወሉን ልደውል? ደውዬስ ምን ልል?

የሕንጻቸው የብረት በር ተንቋቋ።

ቀፀላ ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ጫማዋን ወልውላለች። መንገዱ መሀል ቆማ ወደ ላይ ቀና ስትል፣ ማዳም ላውዲም ከፎቅ በመዝጊያው ክፍተት ቁልቁል ስታያት አየሁ።

"የት ነው?" አልኳት፣ ማዳምም እንድትሰማ በአረብኛ።

"ቤተ ክርስቲያን" አለች እሷም በአረብኛ።

"ከዚያስ?"

ቀፀላ ፀሐዩን በእጇ ከልላ ወደ ማዳሟ ባልኮን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ። መልሷን ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ በዚያው በአረብኛ ሰጠችኝ።

"ገና አላሰብኩም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን እመለሳለሁ።"

መዝጊያው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። አልተዘጋም። እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።